አዲሱን የሥራ መሣሪያ ለማስለመድ ምን እናድርግ?

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ሱቆች የጋራ ሥራን በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ማካሄድ እየተለመደ መጥቷል። ጉግል የጋራ ጽሑፍና የጋራ ሰንጠረዥ ማዘጋጃዎቹን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ አቀረበ። ቴሌግራም በ2013፣ የማይክሮሶፍት ቲምስ ደግሞ በ2017 ተከተሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት ብዙ ሰዎች በያሉበት ሆነው አንድን ሥራ በጋራ ሊያዩትና ሊያርሙት ይችላሉ። ይሁን እንጂ መሣሪያው መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛው ከልቡ መጠቀሙ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኛ በምንሠራበት የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ድርጅት የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጋዘኑ ገቢና ወጪ በጋራ ሰንጠረዥ እንዲመዘገብ ተወሰነ። የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ «ከዛሬ ጀምሮ» የሚል ደብዳቤም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ወር ሙሉ ግን ሰንጠረዡ ባዶውን ቀረ። ሽያጭ ክፍሉ እንደ ቀድሞው ተላላኪ ወደ መጋዘን ይልካል፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ጭራሽ የሌለ ዕቃ ይሸጥለታል። አለቆችም ጥፋቱን በሠራተኛው «ኋላ ቀርነት» አሳበቡ።

ለመሆኑ ነገሩ ኋላ ቀርነት ነበርን? የመጋዘኑ ኃላፊ ሃያ ዓመት ያገለገሉ አባት ናቸው፤ ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። የትኛው ዕቃ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ በቃላቸው ያውቃሉ። አንድ ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ምክንያቱን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ የማውቀውን ሁሉ እዚያ ካሰፈርኩት ነገ እኔ ለምን እፈለጋለሁ? ደግሞስ ብሳሳት በልጆቼ እኩዮች ፊት መሳቂያ ልሁን?» አሉን። በዚህ ላይ ቢን ካርዱንም ሰንጠረዡንም እንዲሞሉ በመታዘዛቸው ሥራው እጥፍ ሆኖባቸው ነበር። እንግዲህ ሐጂ የፈሩት ኮምፒውተሩን አልነበረም። የፈሩት ክብራቸውንና እንጀራቸውን እንዳያጡ ነበር።

ይህ ሁኔታ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በገበሬዎች ላይ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1943 አሳትመዋል። ገበሬዎቹ ስለ ድቅል የበቆሎ ዘር መጀመሪያ የሰሙት በአብዛኛው ከሻጮች ነበር፤ ለመዝራት የቆረጡት ግን ይበልጡን በጎረቤቶቻቸው ምክርና ምሳሌ ነው። ብዙዎቹም አስቀድመው በትንሽ ማሳ ሞክረውታል። ኤቨረት ሮጀርስ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አሰፋው። አዲስ ነገር ፈጥኖ የሚስፋፋው ጥቅሙ ሲታወቅ፣ ከነባሩ ልማድ ጋር ሲስማማ፣ ሳይወሳሰብ፣ በጥቂቱ ሊሞከር ሲችልና ውጤቱ ለሌሎች ሲታይ ነው አለ።

እኛም ለሥራ አስኪያጁ አራት ነገሮችን አቀረብን። አንደኛ፣ ሥራው በቆርቆሮ ብቻ እንዲጀመር፤ የቆርቆሮው ቢን ካርድም እንዲቀር። ሁለተኛ፣ ቆጠራውን አይተው የሚያጸድቁት ሐጂ ራሳቸው እንዲሆኑ። ሦስተኛ፣ በሰንጠረዡ ምክንያት ማንም ከሥራው እንደማይቀነስ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ። አራተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ስለ ቆርቆሮ በስልክ መጠየቅ ትተው ሰንጠረዡን እንዲያዩ። አለቃ ያልተጠቀመበትን መሣሪያ ሠራተኛ ምን ብሎ ይቀበለዋል? ከመካከላችን አንዱ ወጣት ደግሞ በየጠዋቱ ከሐጂ ጎን እየተቀመጠ፣ ሰው ሳይሰማ፣ በእርጋታ ያሳያቸው ጀመር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ከቆርቆሮ ወደ ሚስማር፣ ከሚስማር ወደ ቀለም ተሸጋገርን። በየሰዓቱ ወደ መጋዘን የሚሮጠው ተላላኪ እፎይ አለ። የሲሚንቶ ክፍሉ ሠራተኞች ይህን አይተው ማንም ሳያዝዛቸው «እኛንስ መቼ ታስገቡናላችሁ?» ብለው መጡ። ሐጂም በዚያ ዓመት ለዒድ አገር ቤት ሲሄዱ እንደ ወትሮው ስልካቸው አልጮኸም። ሲመለሱም ለአዲስ ሠራተኛ ሰንጠረዡን የሚያስተምሩት እርሳቸው ሆኑ። እርግጥ ነው፣ ዛሬም ስልክ የሚመርጡ አልጠፉም፤ ነገር ግን ጥቂቶች ናቸው።

ወንድሞችና እህቶች! በየመሥሪያ ቤታችሁ አዲስ የሥራ ዘዴ እንድታስለምዱ ኃላፊነት የተሰጣችሁ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። ታላላቆቻችሁን «አይገባቸውም» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ምን እንደከበዳቸውና ምን እንደሚሰጉ ጠይቋቸው። ከሸክማቸው አንዱን መጀመሪያ አቅልሉላቸው፤ ዕውቀታቸውንም አክብሩ። መሣሪያውን ማስተማር የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ የሰውን እምነት ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።