ቀይ ባሕርን የከፈተው ተራራ

ተማሪ ሳለሁ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማርኳቸው የጦር ሜዳዎች ስም እስከ ዛሬ አይጠፋኝም፦ ስታሊንግራድ፣ ኤል አላሜን፣ ሚድዌይ፣ ኖርማንዲ። መምህራችን "ጦርነቱ የዞረው እዚህ ላይ ነው" እያሉ ካርታውን በጣታቸው ያሳዩን ነበር። ያ ጣት አንድ ቀን እንኳ ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ አላየሁም። ዛሬ ስለ ኤርትራዋ ከተማ ስለ ከረን የምጽፈው ለዚህ ነው። ዘመኑን የምቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሂትለር ጎን ቆሞ ጦርነት ሲያውጅ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ጦር ነበረው። ምፅዋ ወደብ ላይ የጦር መርከቦችና ሰርጓጅ መርከቦች አሰልፏል። ሜዲትራኒያን ለእንግሊዝ መርከቦች አስጊ ስለሆነ፣ ግብፅ ላለው ጦር ስንቅና ትጥቅ የሚደርሰው አፍሪካን በደቡብ ዞሮ፣ በቀይ ባሕር ወጥቶ ነው። በዚያ መንገድ ዳር የተቀመጠው ደግሞ ጣሊያን ነው። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፤ የገለልተኝነት ሕጓም መርከቦቿ ጦርነት ወዳለበት ባሕር እንዳይገቡ ይከለክላል።

ከሱዳን ወደ ምፅዋ የሚያደርሰው መንገድ በከረን ያልፋል። ከአቆርዳት ወደ አስመራ የሚወጣው የመኪና መንገድ ከረን ሊደርስ ሲል በዶንጎላስ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። በአንድ በኩል የሳንቺል ተራራ፣ በሌላ በኩል የዶሎጎሮዶክ ምሽግ ቁልቁል ያዩታል። ጣሊያኖች ገደሉን በፈንጂ ንደው መንገዱን ዘጉና ከላይ ሆነው ጠበቁ። በጄኔራል ፕላት የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ጥር 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ሸለቆው አፍ ላይ ደረሰ። ቶሎ ያልቃል የተባለ ሳይሆን አልቀረም፤ ውጊያው ግን 53 ቀን ፈጀ።

ተራራውን የወጡት እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ የ4ኛውና የ5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ወታደሮች፣ የፑንጃብ፣ የራጅፑታናና የጋርህዋል ገበሬ ልጆች ናቸው። ውኃውንም ጥይቱንም በጫንቃቸው ተሸክመው አቀበቱን ወጡ። ከመካከላቸው ሪችፓል ራም የሚባል ሱበዳር (የህንድ ጦር የመኮንን ማዕረግ ነው)፣ አዛዡ ሲቆስል ጓዶቹን መርቶ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ በአንድ ሌሊት ስድስት የመልስ ጥቃት መከተ። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ሲያጠቃ እግሩ ተቆረጠ፤ እስትንፋሱ እስኪወጣ ድረስ ወታደሮቹን ያበረታታ ነበር። እንግሊዝ ከፍተኛውን የጀግንነት ኒሻን የሰጠችው ከሞተ በኋላ ነው። ከወዲያ ማዶ ደግሞ በጣሊያን ባንዲራ ሥር ከወደቁት እጅግ ብዙዎቹ አስካሪ የሚባሉት ኤርትራውያን ወታደሮች ነበሩ። ሁለቱም ወገን የሞተው ለሌላ ሰው ዙፋን ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል።

መጋቢት 18 ቀን መሐንዲሶቹ የተናደውን መንገድ ጠርገው ታንኮች ገቡ፤ ከረን ወደቀች። አስመራ በአምስት ቀን፣ ምፅዋ በአሥራ ሁለት ቀን ተከተሉ። ከዚያ ሚያዝያ 3 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከእንግዲህ የጦር ቀጣና አይደሉም ብለው አወጁ። የአሜሪካ መርከቦች ጭነታቸውን እስከ ስዊዝ ማድረስ ቻሉ። በሚቀጥለው ዓመት የሊቢያዋ ቶብሩክ በጀርመኑ ጄኔራል በሮምመል እጅ ስትወድቅ አሜሪካ 300 ሸርማን ታንኮች ወደ ስዊዝ ላከች። ጥቅምት 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ኤል አላሜን ላይ ከሮምመል ጋር ከገጠሙት መካከል እነዚህ ታንኮች ይገኙበታል። እንግዲህ ኤል አላሜንን የምናወድስ ከሆነ፣ የታንኮቹን መንገድ የጠረገውን ተራራ እንዴት እንዘልላለን?

የእኛዎቹስ? ሩብ ሚሊዮን ጦር ያለው ጠላት ለምን ሁሉንም ከረን ላይ አላከተተም? መልሱ በየጫካውና በየገደሉ አለ። እነ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ እነ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ አሞራው ውብነህ በጎንደር ለአምስት ዓመት ጠላትን እንቅልፍ ነሥተዋል። ጣሊያን በየከተማው ምሽግ ሠርቶ መንገዱን ሲጠብቅ ኖረ፤ ጥበቃውን ትቶ ወደ ከረን ቢዞር ጀርባው ባዶ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ጥር 12 ገብተው በጎጃም ሲያልፉ የተቀበላቸው ይህ ሳይታክት የቆየ አርበኛ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከተማዋን ከያዘ ልክ በአምስት ዓመቱ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስታሊንግራድ ላይ ጀርመን እጅ ከመስጠቷ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀድማል።

የዓለም መጻሕፍት ጦርነቱ የጀመረው ጀርመን ፖላንድን ስትወር ነው ይላሉ። ለኛ ግን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር ተጀምሯል። ፋሺዝም ሲነሣ ቀድመው ከተዋጉት አንዱ፣ ነፃነቱንም ቀድሞ ያስመለሰው ይህ ሕዝብ ነው።

መምህራን፣ ወላጆች፣ የጦርነቱን ካርታ ለልጆች ስትዘረጉ ጣታችሁን ቀይ ባሕር ላይ አሳርፉ። ከረንን ጥሩላቸው፤ ህንዳዊውን ሱበዳር፣ የኤርትራውን አስካሪ፣ የጎጃሙን አርበኛ ንገሯቸው። በቤታችሁ ከአያት ከቅድመ አያት የተቀበላችሁት ወሬ ካለ ዛሬውኑ ጻፉት። ያልተጻፈ ታሪክ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል።