በመጀመሪያ ደመወዝሽ ስለምትገዢው ዕቃ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሐና፦

አባትሽ በየማታው «ደወለች ወይ?» ይለኛል። ሥራውን ጀምረሽ ቤትም ተከራይተሽ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በስልክ እንደሚገባው አልነገርኩሽም።

በዚያው ስልክ ላይ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ እንደምትውዪ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሽ ወዲህም ክብደትሽ እንደጨመረ ነገርሽኝና በመጀመሪያ ደመወዝሽ ትሬድሚል ልግዛ፣ ስማርት ሰዓት ልግዛ ወይስ በቲክቶክ የሚያስተዋውቁትን የሆድ ቀበቶ አልሽኝ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በደብዳቤ ልመልስልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ስፖርት ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ በዚህ ጉዳይ የምልሽ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደክመሽ የምታገኚው ብርም ለማይረባ ነገር እንዲወጣ አልፈልግም።

ዕቃው ፊት ስትቆሚ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ይህ ነገር እንዳልንቀሳቀስ ከሚያግደኝ ነገር የቱን ያነሳልኛል? የእግሬን ሕመም ያስቀርልኛል? ከዝናቡ ይጠብቀኛል? ሰው ፊት ስሮጥ የሚሰማኝን መሸማቀቅ ያቀልልኛል? መልሱ አዎ ከሆነ ዋጋው ከበድ ቢልም ግዢው። «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» የሚልሽን ዕቃ ግን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

የመጀመሪያው ጫማ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለም ወይ የሚሉሽ አይጠፉም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሷል። ነገር ግን እሱ ያለ ጫማ አድጎ፣ ያለ ጫማ ተለማምዶ፣ የእግሩ ቆዳና ጅማት ለዚያ የጠነከረ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማና ካልሲ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የሮሙን ሁሉም ያወራዋል፣ የቶኪዮውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ጫማ ያደረግሽ ልጅ ነሽ፣ የምትረግጪውም አስፋልትና ኮብልስቶን ነው። ስለዚህ ጫማ ላይ አትሰስቺ።

ልትገዢ ስትሄጂ ወደ ማታ ሂጂ፤ እግር ቀን ሲቆም ሲሄድ ውሎ ማታ ላይ ትንሽ ያብጣል። ስትራመጂ የምታደርጊውን ካልሲ ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱንም እግር አድርገሽ ቁሚ፤ ከረጅሙ ጣትሽ እስከ ጫማው ጫፍ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚያ ጫማውን በእጅሽ አጥፊው፦ ደህና ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት በኩል ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ከሆነ እግርሽን አይደግፍም። የተረከዙን ጀርባ በጣትሽ ጫኚው፣ ጠንከር ማለት አለበት። መርካቶ ውስጥ የታወቀ ምልክት የተለጠፈበት ፎርጅድ ሞልቷል፤ ምልክቱን ትተሽ የሶሉን ማጣበቂያና ስፌቱን እይ። ሰልባጅ ጫማም አልከለክልሽም፣ ብዙ ጊዜ ከፎርጅዱ ይሻላል። የሰልባጅ ችግሩ ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ ያለው ስፖንጅ የሞተ ሊሆን መቻሉ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ከኋላ እይው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ሌላ ሰው ረግጦ ጨርሶታል ማለት ነው። አዲሱም ቢሆን ዘላለም አይኖርም፤ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተኬደበት በኋላ ስፖንጁ ጉልበቱን ያጣል።

አሁን ደግሞ እናት ለልጇ መንገር የሚገባትን፣ በእኛ ዘመን ግን ማንም ያልነገረንን ልንገርሽ። ደረትን በደንብ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ግዢ። ይህን የምለው በክፍለ ጊዜዬ ያየሁትን ስለማልረሳው ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ዓምና ከወንዶቹ እኩል ይሮጡ የነበሩ ልጃገረዶች አንድ በአንድ ከሜዳው ይወጡ ነበር። አንዷ ሆዴን አመመኝ ትላለች፣ ሌላዋ ጫማ የለኝም ትላለች፣ የሚሮጡትም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ስትሆን፣ እነዚያው ልጆች እሷን መሆን ተመኝተው ነበር። እግራቸው አልሰነፈም። ያገዳቸው የደረታቸው ሕመምና የሰው ዓይን ነበር፤ የሁለቱም መድኃኒት አንድ በአግባቡ የተሰፋ ጨርቅ ነበር። ስንት ሯጭ በዚህ እንደቀረብን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስትገዢ ሥራውን የሚሠራው ማንጠልጠያው ሳይሆን ከሥር የሚዞረው ቀበቶ መሆኑን እወቂ። ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ፣ ትንፋሽ የማይከለክል፣ እጅሽን ስታነሺ ወደ ላይ የማይሸሽ ይሁን። መሞከሪያ ክፍሉ ውስጥ ዝለዪበት፤ ሻጯ ምን ትለኛለች አትበዪ። ሁለት ግዢ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ታደርጊያለሽ። እሱንም ከሰልባጅ አትግዢ፤ ላስቲኩ አንዴ ከለቀቀ ሥራው አብቅቷል።

የሚቀጥለው ዕቃ የሚሸጠው ስፖርት ቤት አይደለም። የወጥ ቤት መለኪያ ማንኪያ ነው፤ ፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ በትንሽ ብር ታገኚዋለሽ። ክብደት ለመቀነስ ከሚገዛ ነገር ሁሉ እኔ የማስበልጠው እሱን ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ። 65 ኪሎ የምትመዝን ሴት ግማሽ ሰዓት ደህና አድርጋ ብትራመድ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ታቃጥላለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ያለውም ያው 120 ገደማ ነው። እኛ ደግሞ ዘይት የምንጨምረው ከጀሪካኑ እያንቆረቆርን በዓይናችን ለክተን ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ እንዳያርር አንድ ጊዜ፣ በርበሬው ሲገባ ሌላ ጊዜ፣ ሊወጣ ሲል ደግሞ እንዲያምር። ጾም ሲሆን ሥጋና ቅቤው ቀርቶ ዘይቱ ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ዐቢይ ጾምን ሙሉ ጾመው ኪሏቸው ያልቀነሰ ሰዎች የምናየው። እኔ ሽሮ ያለ ዘይት ብዪ አላልኩሽም። ለድስቱ ስንት ማንኪያ እንደገባ ቁጠሪ፣ ለስንት ሰው እንደሚበላ አስቢ፣ ከዚያ በራስሽ ትቀንሻለሽ። ሽንኩርቱን ክዳን አድርገሽ በቀስታ እሳት በራሱ ውሃ ብታበስዪው ግማሹ ዘይት ይበቃል፤ አያትሽም እንዲህ ነበር የምትሠራው። ከምሳ ጋር የምትጠጪውን ለስላሳ ውሃ አድርጊው። በአንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ያንን ለመተው ምንም ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ይህን ስታውቂ በሳምንት 10 ኪሎ አስቀንሳለሁ የሚልሽ ሰው ስለ ስብ እያወራ እንዳልሆነ ይገባሻል። ከሰውነትሽ የሚያስወጣው ውሃ ነው። የማቅጠኛ ሻይም እንደዚሁ፤ ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው፣ ውሃና ጨው አውጥተው ያደክሙሻል። የሆድ ቀበቶውም ወገብሽን አሙቆ ያልብሻል፣ ውሃ ስትጠጪ ያው ይመለሳል። ሰውነት ስብን ከየት እንደሚያነሳ እኛ አናዘውም፤ ሆድ ላይ ስለታሰረ ከሆድ አይቀንስም። በዚህ የተታለልነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ «ስትራመጂ ጡንቻ ያጠነክራሉ» እየተባሉ በተሸጡ ጫማዎች ምክንያት ሪቦክ እ.ኤ.አ. በ2011 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ስኬቸርስ በ2012 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከመንግሥት የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምተዋል። ሕግ የሚቆጣጠራቸው ትልልቅ ድርጅቶች እንዲህ ካስተዋወቁ፣ ስሙ የማይታወቅ የቲክቶክ ሻጭማ ምን ይከለክለዋል?

ስለ ስማርት ሰዓቱ። መጥፎ ነው አልልሽም፣ የልብ ምት በመቁጠር ብዙዎቹ ደህና ናቸው። አደጋው «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሻል» ሲልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 ዓይነት ሰዓቶችን ሲፈትሹ፣ በካሎሪ ግምት የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው ደግሞ 93 በመቶ ይሳሳት ነበር። ሰዓቱን አምነሽ «ዛሬ አቃጥያለሁ» ብለሽ ኬክ ብትበዪ ማን ይከፍልልሻል? ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ 471 ወጣቶችን ለ2 ዓመት ተከታተሉ። ሁሉም የምግብና የእንቅስቃሴ ምክር ያገኙ ነበር፤ ልዩነቱ ግማሾቹ የሚለበስ መቆጣጠሪያ መጨመራቸው ነው። መቆጣጠሪያውን ያደረጉት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፣ ያላደረጉት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። እርምጃሽን ለመቁጠር ከሆነ ስልክሽ ይቆጥርልሻል። 10 ሺህ እርምጃ ካልሞላሁ ብለሽም አትጨነቂ፤ ቁጥሩ የመጣው ከሐኪሞች ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ በ5 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት።

ትሬድሚሉን እርሺው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ያወጣልሻል? ከሥርሽ ያሉት ጎረቤቶች ምን ይሆናሉ? መብራት ሲጠፋስ? የምትኖሪበት ሕንፃ ሊፍት የለውም ብለሽ ማማረርሽን ሰምቻለሁ፤ ያ ደረጃ ልብና ጭን የሚያጠነክር ነገር ነውና ተጠቀሚበት። ከደሴ የሄድሽ ልጅ ስለሆንሽ የአዲስ አበባ ከፍታ አይከብድሽም። እሁድ ጠዋት ወደ መስቀል አደባባይ ውጪ፤ ደረጃው ላይ ወጣቱም አዛውንቱም ሲሠራ ታያለሽ፣ ማንም ማንም ላይ አያፈጥም።

የምወድልሽ ሌላ ወጪ ለክረምቱ ቀላል የዝናብ ጃኬት ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡን ፈርቶ እንቅስቃሴውን የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው፤ መስከረም ላይ እንደገና ከዜሮ መጀመር ያሰለቻል።

ጡንቻሽንም አትርሺ። ሰው ምግብ ቀንሶ ብቻ ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ አጥንቷ ለኋላ ዘመኗ ያስፈልጋታል። ሁለቱንም እንዲጠብቅልሽ በሳምንት ሁለት ቀን ከባድ ነገር አንሺ። ለዚህ ከምትገዢው ዕቃ የሚበቃሽ የላስቲክ መጎተቻ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ብረቱን ግን አትግዢ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልተሽ ብታነሺ 5 ኪሎ አነሳሽ። ሲቀልልሽ ባለ 10ሩን ያዢ። የሰፈር ልጆች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቱቦ እያያያዙ ጡንቻ ያወጡ የለም እንዴ! ጂም ልግባ ካልሽም ደስ ይለኛል፣ ከሥራ ወደ ቤትሽ በምትሄጂበት መንገድ ላይ ያለውን ምረጪ። የዓመት በአንዴ ክፈዪ፣ ቅናሽ አለው ቢሉሽ እሺ አትበዪ፤ በወር በወር ክፈዪ።

ሚዛን ከመግዛትሽ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢ። ጠዋት፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ በታችኛው ጎድንሽና በዳሌ አጥንትሽ መካከል ወገብሽን ለኪ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ መጠንቀቅ ይጀመራል፣ ከ88 ካለፈ ለስኳርና ለልብ በሽታ ያለው ስጋት በጣም ይጨምራል። ክብደትሽን ማወቅ ስትፈልጊ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንዱ ልጅ ሚዛን፣ ሳንቲሙንም ጨምረሽ ስጪው። በየቀኑ አትመዘኚ፤ ጨው የበዛበት እራትና የወር አበባ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስሽ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ደመወዝሽ በገባ ቁጥር ትንሽ ብር ለይተሽ አስቀምጪ። ጉልበትሽ ካበጠ ወይም ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በዚያ ብር ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂጂ፤ ጉልበት ላይ የሚጠለቀውን ላስቲክ ከመንገድ ገዝተሽ ዝም አትበዪ። ጠዋትም ሳይነጋ ብቻሽን አትውጪ። ከመሥሪያ ቤትሽ ወይም ከጊቢሽ አብራሽ የምትራመድ ልጅ ፈልጊ። ካጣሽ ደግሞ ማታ ከሥራ ስትወጪ ከታክሲው ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ወርደሽ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ በእግርሽ ግቢ።

የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። በሶና ትንሽ በርበሬ እልክልሻለሁ፤ ለጫማውም እኔና አባትሽ ያዋጣነው ብር አለ፣ ቁጠሪና ተቀበዪው። አብሽሪ ልጄ፣ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ስትገዢ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ሶሉን ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ