አባቴ ሄድፎን ሲመርጡ

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም የኖራችሁ ግድግዳውን ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ማንኪያ ሲወድቅ እኛ ቤት ይሰማል። አባቴ ደግሞ በዐቢይ ጾም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው በገና ይከፍታሉ። ጆሯቸው እንደ ድሮው አይደለምና ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። አንድ ቀን ሕፃኗ እየነቃባት የተቸገረች ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝታኝ በትሕትና ነገረችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። በማግስቱ ግን በገናቸውን ሳይከፍቱ፣ በጨለማ ዝም ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሆዴ ባባ። ሄድፎን ልገዛላቸው የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሦስታችን፣ አባቴ፣ እኔና የ16 ዓመት ልጄ፣ በአብነት በኩል ቀስ እያልን ወደ መርካቶ ወጣን። «ለአባባ እኔ ነኝ የምመርጥላቸው» ብላ ልጄ ቀድማናለች። ሻጩ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ሄድፎን አውርዶ የጭፈራ ዘፈን ከፈተና «ፋዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ቤዙ ቤት ያፈርሳል!» አላቸው።

አባቴ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ልጄ፣ ቤት የሚያፈርስ አልፈልግም። የማውቀውን አሰማኝ» አሉት።

በገና 10 አውታር አለው። ያ እዝዝ የሚለው ድምፁ የሚመጣው ከአውታሮቹ ሥር ከሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዚራው ነው። በሚያብረቀርቀው ሄድፎን ወፍራሙ ድምፅ አብጦ እዝዝታውንም የደርዳሪውንም ቃል ዋጠው። «ይሄማ ከበሮ ነው» ብለው መለሱለት። ሁለተኛው ቀጭን ሆነባቸው፤ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል አሉ። ሦስተኛው ስሙ ያልታወቀ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ባለ ገመድ ነበር። እሱን ሲያደርጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቃሉ ይሰማል» አሉ።

ያኔም አልቸኮሉም። መነጽራቸውን እንዳደረጉ ሩብ ሰዓት ያህል ጭንቅላታቸው ላይ አቆዩት፤ የመነጽሩን ዘንግ ቢጫናቸው ኖሮ ቤት ሲደርስ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ብሉቱዝ ይሻላል የሚለውን ሻጭም «ባትሪ መሙላት ማን ያስታውሰኛል?» አሉት። የገመዱ መሰኪያ ቀዳዳ በስልካቸው ላይ መኖሩን አየንና ገዛን። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ቀዳዳው የላቸውም፤ ሳትከፍሉ በፊት እዩ።

ልጄ በመንገድ ላይ «እስቲ ልሞክረው» ብላ የራሷን ዘፈን ከፈተች። ትንሽ ሄደን «እማዬ፣ በዚህ ሲሆን እኮ ቀንሼውም ይሰማኛል። በኔ ኢርፎን ግን ታክሲ ውስጥ እስከ መጨረሻው ካልጨመርኩት አይሰማም። ማታ ማታ ጆሮዬን ጭው ያደርገኛል» አለችኝ።

ቀጥ አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። የሷ ኢርፎን የመንገዱን ጩኸት አይከለክልም፤ ስለዚህ ጩኸቱን ለማሸነፍ ድምፅ ትጨምራለች። በሚቀጥለው ሳምንት እሷንም አባቴንም የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። እሷ ለጊዜው ደህና ናት፤ ተመስገን። አባቴ ግን ከፍ ያለውን ድምፅ ሲወዱት የኖሩት ጆሯቸው እየደከመ ስለሆነ ኖሯል፤ ክትትል ጀምረዋል። ሐኪሙ ለልጄ ሲያስረዳት በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም አላት። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያም ይህ ነው፦ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ ከ75 ዴሲቤል አይለፍ። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጆሮ ያለ ጉዳት የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ዴሲቤል የምንለካበት ስለሌለን የስልኩን ድምፅ ከመቶ 60 ላይ እናቆማለን።

እኔ ጥሩ ሄድፎን ማለት በደንብ የሚጮኸው ይመስለኝ ነበር። ድምፅ ቀንሰን እንድንሰማ የሚያስችለን መሆኑን የተማርኩት መርካቶ ውስጥ፣ ከአባቴ ነው። ለልጄም ጆሮዋን ሸፍኖ የሚይዝ ገዛሁላት፤ አስፋልት ስትሻገር አንገቷ ላይ እንድታወርደው ተስማምተን።

ባለፈው ማታ አባቴ ሄድፎናቸውን አውልቀው ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ጥቂት ሰማችና «አባባ፣ ይሄ እዝዝ የሚለው ምንድን ነው?» አለቻቸው። ስለ እንዚራው ሲነግሯት እራት ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተቆጣ።

አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በግድግዳው በኩል የሚሰማው የጎረቤታችን ሕፃን ለቅሶ ነው። አባቴ ብቻ አይሰሙትም።