ሐኪሙን ያታለልኩ መስሎኝ

እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ የራሴን ጥፋት ላጫውታችሁ። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ቀጠሮዬ ሲቃረብ ለሦስት ቀን ጣፋጭ እርም ብዬ፣ እራቴንም ቀንሼ እሄድ ነበር። በባዶ ሆዴ የሰጠሁት ደም 118 ሲሆን «ጎበዝ» እባላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሻዬን በሦስት ማንኪያ ስኳር!

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባለውን የደም ምርመራ አዘዙልኝ። ውጤቱ 9.4 ከመቶ ሆነ። ለብዙዎቻችን የሚመከረው ከ7 በታች ነው።

«ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱም 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ይህ ምርመራ የሦስት ቀኑን ሳይሆን የሁለት የሦስት ወሩን ይናገራል» አሉኝ። ለካ እግሬን የሚያደነዝዘኝ በከንቱ አልነበረም!

አፈርኩ። ያታለልኩት ሐኪሙን ሳይሆን ዓይኔን፣ ኩላሊቴንና እግሬን ኖሯል።

እናንተስ እንዴት ናችሁ? የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው ውጤቱ ታይቶ ነውና ለቀጠሮ ብላችሁ አትጹሙ፤ አበላላችሁን ሳትደብቁ ንገሩ። ይህን ምርመራ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አስደርጉ። እኔ በሦስት ወር 7.6 ደረስኩ፤ ገና ይቀረኛል። ሻዩን ግን ያለ ስኳር ለምጄዋለሁ።