ወደ ግሽ ዓባይ የሚደረግ የዕረፍት ጉዞና ከዚያ የሚመጣ ገጸ በረከት

ከሩቅ አገር የሚመለስ መንገደኛ ባዶ እጁን ከቤቱ እንዳይገባ የሚያዝዘው ልማድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የጸና ነው። ቤት የቀረው ሰው የሚጠብቀው የዕቃውን ዋጋ አይደለም፤ በተሄደበት አገር መታሰቡን ነው እንጂ። ዳሩ ግን ለሁሉ የሚስማማ ገጸ በረከት ማግኘት ቀላል አይደለም። ይልቁንም እንስሳትንና የአባቶችን ቅርስ ለሚወድ ሰው ምን ማምጣት እንደሚገባ መንገዱ ሳይጀመር ሊታሰብበት ያስፈልጋል፤ ሳይታሰብ የተገዛ ስጦታ አንዳንድ ጊዜ የሚወደደውን ነገር ራሱን ይጎዳልና። ይህን የተማርነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ከልጆቻችን ጋራ ወደ ጎጃም በሄድንበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እንተርካለን።

በቤተ ዘመዳችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጎት አሉን። በጕልማሳነታቸው ዘመን ፈረስ ሳይጋልቡ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነበረ፤ ዛሬ ግን ጕልበታቸው ስለ ደከመ ከቤታቸው ደጃፍ አይርቁም። ሁለት ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይበራል፤ አንደኛው ፈረስ፥ ሁለተኛው የብራና መጽሐፍ ነው። ለመሰናበት በገባን ጊዜ «ጋሼ፥ ምን እናምጣልዎ?» ብንላቸው፥ «እኔ ሄጄ ለማየት አልቻልሁም፤ የሄድሁ ያህል የሚያደርገኝን ነገር አምጡልኝ» አሉን። ልጆቹም ይህን እንደ እንቆቅልሽ ይዘው በመንገድ ሁሉ «ይኸ ይሆን? ያ ይሆን?» ሲባባሉ ሄዱ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ከፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ይህች ከተማ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ስሟ ራሱ የሚያስታውሰው ታሪክ አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት የጎጃምን ምድር አቋርጠው ነውና። ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ማንኩሳ ትገኛለች። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህች አገር ስለ ሆነ፥ መጽሐፉን ላነበበ ሰው አገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ገና ላላነበበ ወጣት ደግሞ መጽሐፉን ገዝቶ፥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ማንኩሳን ባለፍን ጊዜ አስብንህ» ብሎ ጽፎ መስጠት ዋጋው ትንሽ፥ ፍሬው ብዙ የሆነ ገጸ በረከት ነው።

ቡሬ የገበያ አገር ናት። በርበሬዋ የታወቀ ስለ ሆነ የቤት እመቤቶች ሳይገዙ ቢያልፉ ይጸጸታሉ። ማር የሚሻም በዚሁ መንገድ አይቸገርም፤ ነገር ግን የማሩን መልክ ብቻ ሳይሆን ሻጩን ንቡ ምን አበባ እንደ ቀሰመ ቢጠይቅ፥ ከማሩ ጋራ ወሬውን ይዞ ይገባል።

እንጅባራ የደረስነው ጥር 22 ቀን ማታ ነው። በማግሥቱ በጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፥ በየዓመቱ የሚታሰበው በዓድዋና ከዚያም ወዲህ በተደረገው ተጋድሎ የሰውን ያህል የደከመውና የቆሰለው ፈረስ ጭምር ነው። በብዙ አገር ለጦር አለቃ ሐውልት ይቆማል፤ ለፈረሱ ዕለት ቆርጦ፥ ማኅበር ጠጥቶ፥ ውለታውን የሚያስብ ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። ፈረሶቹ በየመልኩ ጌጥና ዘርፍ ተሸልመው፥ ጌቶቻቸውም ነጭ ለብሰው ሜዳውን ሲሞሉት፥ ከዚያም ግልቢያውና ጉግሱ ሲጀመር ምድሪቱ ከእግር በታች ትንቀጠቀጣለች። ትንሹ ልጃችን መጀመሪያ ፈርቶ ልብሳችንን ይዞ ነበር፤ ኋላ ግን ከፊት ካልቆምሁ ብሎ አስቸገረን።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ያየነው ነው። በአዊ ምድር ፈረስ ለበዓልና ለጉዞ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ጠምዶ ያርስበታል። ትናንት በጌጥ የታየው ፈረስ ዛሬ ቀንበር ተሸክሞ ሲሄድ ማየት፥ ጌጡና ድካሙ ከአንድ ፍቅር የመጡ መሆናቸውን ያስረዳል።

እንግዲህ ፈረስ ለሚወድ ሰው ምን ይሰጣል? ልጓም፥ ዛብ፥ እርካብ፥ ግላስ፥ ኮርቻም በገበያ ይገኛል። ነገር ግን ፈረስ ላለው ሰው ኮርቻ የሚገዛ ጌጡን ብቻ አይቶ አይግዛ። ከፈረሱ ጀርባ ጋራ ያልገጠመ፥ ከበታቹም በቂ ለስላሳ ነገር የሌለው ኮርቻ ምንም ያማረ ቢሆን ጀርባውን ልጦ ያቆስለዋል። ስለዚህ ኮርቻ ከመግዛት በፊት የፈረሱን ጀርባ ስፋት ለክቶ መሄድ ይገባል። ፈረስ ለሌለው ደግሞ ሌላ ያማረ ነገር አለ፤ ይኸውም የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፥ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፥ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ተብለው ይጠሩ እንደ ነበረ ለልጆች ነግሮ፥ ለእያንዳንዱም እንደ ጠባዩ የፈረስ ስም ማውጣት ምንም ወጪ የሌለው፥ ዕድሜ ልክ የሚኖር ስጦታ ነው።

ከእንጅባራ ሳይወጡ ሁለት ነገር ሊታለፍ አይገባም። አንደኛው የቀርከሃ ሥራ ነው፤ ይህ ደጋ የቀርከሃ አገር ስለ ሆነ ወንበሩም ጠረጴዛውም ቅርጫቱም ከዚያው ይሠራል። ሁለተኛው የዘንገና ሐይቅ ነው። ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ሲሆን ዙሪያውን ዛፍ ከብቦታል። ልጆች ጦጣ ባዩ ጊዜ ዳቦ ለመወርወር ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን ከሰው እጅ መብላት የለመደ የዱር አውሬ የራሱን ምግብ መፈለግ ይተዋል፥ ኋላም ቀማኛ ሆኖ በዱላ ይመታል። ስለዚህ ለእንስሳ ወዳጅ የሚገባው ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥሊሊ ተመልሰን በሰከላ መንገድ ወደ ግሽ ዓባይ ወጣን። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ስለ ሆነ ብርዱ የበረታ ነው። ከዚህ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ከጣናም በባሕር ዳር ወጥቶ፥ በጢስ ዓባይ ተወርውሮ፥ ጎጃምን ዞሮ፥ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ተገናኝቶ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ የመጣ ሰው ምንጩን ባየ ጊዜ ትንሽነቱ ያስደንቀዋል። በረግረግና በሣር መካከል ያለ ጠበል ነው። ወደ ጠበሉ የሚቀርብ ሰው ምግብ ሳይቀምስ፥ ጫማውንም አውልቆ እንዲገባ ደንብ አለ።

የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ሥፍራ ለማየት ብዙ ደክመዋል። እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1610 ዓ.ም. አይቶታል። የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ የመጣው በ1763 ዓ.ም. ነው። ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ወልዶ የሚባለው መንገድ መሪ የብሩስን ቀይ የሐር መቀነት ስለ ተመኘ ምንጩን ሳያሳየው ዘገየ፤ ብሩስም ነገሩ በገባው ጊዜ መቀነቱን ፈትቶ ሰጠው፥ ጫማውንም አውልቆ ቍልቍለቱን እየሮጠ ወረደ። ልጆቹ ይህን በሰሙ ጊዜ «ስለዚህ በግሽ ዓባይ መጀመሪያ ስጦታ የሚሰጠው እንግዳው ነው» አሉ። ይህ የልጆች ቃል ኋላ ትዝ አለን።

በቦታው የሚታሰበው ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው። እንደሚተረከው፥ ጻድቁ ለእስር በተያዙ ጊዜ መጻሕፍታቸውን የሚያስቀምጡበት ሰው ቢያጡ ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጡት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈትተው ቢመለሱና ቢጠይቁት፥ ውኃው መጻሕፍቱን ምንም ሳይረጥቡ መለሰላቸው።

ይህን ሰምተን ስንወጣ አንድ የማናውቀው ሰው ቀረበንና ከጋቢው ሥር አሮጌ የብራና መጽሐፍ አሳየን። ዳርና ዳሩ በጭስ የጠቈረ፥ ሐረጉ ግን ያልደበዘዘ ነበረ። የአጎታችን ፊት በዓይናችን ላይ መጣ፤ «የሄድሁ ያህል የሚያደርገኝ» ያሉት ይኸው ነው ብለን እጃችንን ወደ ቦርሳችን ሰደድን። በዚያው አጠገብ የተቀመጡ አንድ የቅኔ መምህር ይህን አይተው፥ ሰውየውን ምንም ሳይናገሩ ወደ እኛ ዘወር ብለው «ልጄ፥ ውኃው የመለሰውን ሰው ሊወስደው ነውን?» አሉን። እኛም ከዚህ በኋላ የምንናገረው ጠፋን፤ ሰውየውም መጽሐፉን ወደ ጋቢው መልሶ ሄደ።

ነገሩ የሕሊና ብቻ አይደለም፥ የሕግም ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን ከሥፍራው ያለ ፈቃድ ማንሣትን የሚከለክል ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ፤ ይመለሱ ዘንድ ብዙ ተጠይቋል። ከባዕድ እጅ መልሱልን እያልን በራሳችን እጅ ከደብር ወደ ሳሎን ብንወስድ ክርክራችን ምን ኃይል ይኖረዋል? የነብር ቆዳና የዝሆን ጥርስም እንዲሁ ነው፤ በቤት ግድግዳ ላይ ቢያምር በዱር የጎደለው አይመለስም።

ታዲያ የብራና ወዳጅ ባዶ እጁን ይቅርን? አይቅር። የቅኔ መምህሩን «የኔታ፥ እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብንላቸው፥ «የሞተው ጸሐፊ የጻፈውን ተዉትና በሕይወት ያለውን አጽፉት» ብለው ብራና የሚፍቅ፥ ቀለም የሚበጠብጥ፥ በመቃ ብርዕ የሚጽፍ ሰው አሳዩን። ትንሽ ውዳሴ ማርያም እንዲጽፍልን ቀብድ ሰጠነው፤ ከሁለት ወር በኋላም ደረሰልን። እንዲህ ያለው ስጦታ አሮጌውን በቦታው ያኖራል፥ ሙያውንም እንዳይጠፋ ይደግፋል።

ምንጩ ራሱ ደግሞ ስጦታ ይሻል። በዚያ ደጋ አገር በቀል ዛፍ ተመናምኖ፥ ባሕር ዛፍ እየሰፋ፥ የከብት እግርም ረግረጉን እየረገጠ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ግድብ በጕባ የሚይዘው ውኃ ከእንደዚህ ካሉት ኰረብታዎች የሚሰበሰብ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ሥልጣንና ርስት ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በወዳጃችሁ ስም አሥር የወይራ፥ የጽድ ወይም የኮሶ ችግኝ በአገሬው ፈቃድ አስተክላችሁ፥ የሚጠብቀውን ሰው ደመወዝ ብትከፍሉ፥ ከሐር መቀነት የሚበልጥ እጅ መንሻ ይሆናል። የሚጠብቀው የሌለው ችግኝ ግን የፍየል ቀለብ ነው።

ለመንገደኛ የሚጠቅመውን ጥቂት እንጨምር። ለጉዞው የተስማማው ወራት ዝናሙ ካቆመበት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ወፍራም ልብስ መያዝ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስለ ተነሣ፥ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሳይጠይቅ አይነሣ፤ በዓል በየዓመቱ ይመጣል፥ ሰው ግን አይተካም።

ወደ አጎታችን በተመለስን ጊዜ ከእንጅባራ የገዛነውን ልጓም ሰጠናቸው። ልጓሙን እያገላበጡ አሸተቱት፤ ትንሹ ልጅም ግልቢያውን በእጁና በእግሩ እያሳየ ነገራቸው። ሳንገዛ ስለ ቀረነው መጽሐፍ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ብታመጡልኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ክፋቱም እርሱ ነው» አሉን። ውዳሴ ማርያሙ የደረሰ ዕለት ግን ከፍተው የመጀመሪያውን ገጽ ለራሳቸው አነበቡ፤ ከዚያም ልጁን ጠርተው «አባ ግሽ፥ ና ሁለተኛውን አንተ አንብብልኝ» አሉት።