በሴት ልጅ የተላለፈ ግዛት

በመካከለኛው ዘመን ጀርመን፣ በራይን ወንዝ ዳርና አካባቢው፣ ካትሰንኤልንቦገን የሚባል የኮንቶች ግዛት ነበር። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በ1479 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ኮንት ፊሊፕ ወንድ ወራሽ ሳይተካ ሞተ፣ የቤቱም ዘር ጠፋ ይባላል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። የተከፈለውን ግዛት አንድ ያደረጉትም፣ ወደ ሌላ ቤት ያሻገሩትም ሴቶች ልጆች ናቸው።

ቤቱ በ1260 ገደማ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩት ቅርንጫፎች የተገናኙት በጦር አይደለም። የኮንት ኤበርሃርድ ልጅ አና በ1383 የሌላውን ቅርንጫፍ ዮሃን አገባች፤ አባቷ በ1402 ሲያርፍ የሁለቱ ወገን ርስት በአንድ እጅ ገባ። አስተዳደራቸው ምን ያህል የተደራጀ እንደነበር አንዲት የ1435 ሂሳብ ትናገራለች፦ በሩሰልስሃይም ለሚገኝ የወይን እርሻ፣ ለሪዝሊንግ ተክል 22 ሺሊንግ። የዚህ ዝነኛ ወይን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የተገኘው እዚያች ወረቀት ላይ ነው።

«ጉልበታቸው ግን ግንቡና ቀረጡ ነበር» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በ1245 ከሳንክት ጎአር ከተማ በላይ የራይንፌልስን ግንብ አቆሙ፤ በወንዙ ላይ በሚጣለው ቀረጥ የተማረሩት የራይን ከተሞች በ1255 ዘምተው ከዓመት በላይ ቢከቡትም አልሰበሩትም። ግንብ ግን ጠላት ይመልሳል እንጂ ወራሽ አይወልድም። የፊሊፕ ወንዶች ልጆች ከእሱ በፊት ሲሞቱ የቀረችው ሌላዋ አና፣ ልጁ ነበረች፤ ርስቱም በእሷ በኩል ለባሏ ለሄሰኑ ሃይንሪሽ ደረሰ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሴቶቹ ተዳሩ እንጂ መቼ ወሰኑ? ውሉን የተዋዋሉት አባቶች መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ያ ውል የሚቆመው በሴቲቱ ደም ላይ ብቻ ነበር። የአና ልጅ ቪልሄልም በ1500 ያለ ልጅ ሲሞት፣ ሄሰኖች መሬቱን ያዙ፤ እህቱ ኤልሳቤጥ የተዳረችበት የናሳው ቤት ደግሞ በእሷ መብት ተሟገተ። ክርክሩ እስከ 1557 ዘለቀ፤ ሄሰን አብዛኛውን ግዛት ለማስቀረት፣ ከፊሉን በመሬት፣ 600,000 ጉልደን የሚገመት ካሳ ለናሳው ለመስጠት ተስማማ። የሴት መብት ባዶ ቃል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማን ይከፍልበታል?

ናሳው የኮንትነቱን ስምም አልተወም። ዛሬ የኔዘርላንድ ንጉሥ ከሚሸከማቸው ማዕረጎች አንዱ «የካትሰንኤልንቦገን ኮንት» ነው፤ ለእሱ የደረሰውም ተከታትለው በነገሡ ሦስት ንግሥቶች፣ በቪልሄልሚና፣ በዩሊያናና በቤያትሪክስ በኩል ነው።