ብር ሲያጥር ዳኝነት ይቅደም

በትንሽ ገንዘብ ውድድር ለማዘጋጀት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው «ለአንደኛው ምን እንሸልም?» ብሎ ነው። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

አኳስኬፒንግን እንውሰድ። በዓሣ ገንዳ ውስጥ በድንጋይ፣ በእንጨትና በዕፅዋት ተራራና ጫካ የሚመስል ገጽታ የመፍጠር ጥበብ ነው። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ በዓለም አስፋፋው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ዓለም አቀፍ ውድድር የሚዳኘው በፎቶ ነው፤ ገንዳ ተሸክሞ የሚመጣ የለም።

ስለዚህ የአዳራሽ ኪራይ የለም። ፈተናው ፍትሕ ነው። ባለ 300 ሊትር ገንዳና ውድ ካሜራ ያለው ሰው ባለ 30 ሊትሩን ገና ሳይወዳደር ይበልጠዋል። ፎቶም በኮምፒውተር ይነካካል። ሽልማቱ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ማጭበርበሩ ያጓጓል።

መድኃኒቱ ብዙ ብር አይጠይቅም። ገንዳዎቹ በሊትር ይመደቡ። ከፎቶው ጋር ያልተቆራረጠ አጭር ቪዲዮ ይላክ። የተወዳዳሪው ስም ከዳኞች ይሰወር። የነጥብ አሰጣጡ ከምዝገባ በፊት ይገለጽ። ዕፅዋት ለማደግ ወራት ስለሚፈጅባቸው ጥሪው ቀደም ብሎ ይውጣ። አሸናፊ በላይክ ብዛት አይመረጥ፤ ላይክ የሚቆጥረው ወዳጅ ነው፣ ሙያ አይደለም።

ከሁሉም በላይ፣ መጨረሻ የወጣውም ሳይቀር፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከዳኛ ሁለት መስመር አስተያየት ይድረሰው። ዋንጫውን የሚወስደው አንድ ሰው ነው። ለምን እንደተሸነፈ በቅንነት የተነገረው ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት ገንዳውን አሻሽሎ ይመለሳል። ውድድርን ውድድር አድርጎ የሚያቆየውም የእሱ መመለስ ነው።